ሞተር አይገረዝም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ልጄ በገዛችልኝ ስልክ የደብረ ማርቆስ ባለ መኪኖች የሚያወሩበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ። ማን እንዳስገባኝ አላውቅም፤ እስካሁን ግን የሚያስወጣኝ አልተገኘም። ጠዋት አንዱ ተነሥቶ “ሞተሬ ዘይት ይበላል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?” ይላል። ሌላው “ያ ሞተር ድሮም ለእኛ አገር አይሆንም፣ አውርደህ ሌላ ጫንበት” ብሎ ይፈርዳል። ሦስተኛው “እኔንም እንደዚያው አድርጎኝ ነበር፣ ሽጬ ተገላገልኩ” ብሎ ይመሰክራል። ከምሳ በፊት ሞተሩ ተከስሶ፣ ተመስክሮበት፣ ተፈርዶበት ያልቃል። ተከሳሹን ግን ቃሉን የጠየቀው የለም። ሞተር ደግሞ ይናገራል፤ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እሱን ስሰማ ነው።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና “ለመሆኑ ቴርሞስታቱ አለ ወይ?” ብዬ ጻፍኩ። የሳቅ ምልክት ዘነበብኝ። “ጋሽ ታከለ መጡ! ዛሬም ያችን ነገር አልተዋትም!” አሉ። አዎ፣ አልተውኳትም። ይህንንም የምጽፈው እንዳልተውኳት እንዲታወቅ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ሞተር ሲሠራ ይግላል። ግለቱን ውሃ ይቀበልና ከፊት ወዳለው ራዲያተር ይወስደዋል፤ እዚያ ነፋስ ያበርደውና ተመልሶ ይገባል። ውሃው ከሞተሩ በሚወጣበት መንገድ ላይ የስኒ አፍ የምታህል የብረት በር አለች። ቴርሞስታት የምትባለው እሷ ናት። ሆዷ ውስጥ ሰም አለ። ሞተሩ እስኪሞቅ ተዘግታ ውሃውን ትይዘዋለች፤ ሲሞቅ ሰሙ ያብጥና በሯን ይገፋታል፣ ውሃውም ያልፋል። ሲቀዘቅዝ መልሳ ትዘጋለች። ደመወዝ የማትጠይቅ ዘበኛ ናት።

በእኛ አገር ግን መኪና በተገዛ በሳምንቱ ጋራዥ ይወሰድና ይቺ በር ተነቅላ ትጣላለች። “አባይ በረሃ ላይ ታፈላብሃለች” ይባላል። ቋንቋም ወጥቶለታል። “ተገርዛለች?” ብሎ ይጠይቃል አንዱ ሹፌር ሌላውን። “በስምንተኛ ቀኗ!” ይላል ባለመኪናው ደረቱን ነፍቶ። ከዚያ በኋላ ያች የተገረዘች መኪና አባይን ብታየው በዓመት አንዴ ነው። የቀረውን ዘመኗን ደጋ ወዳለችው ሮብ ገበያ ስትወጣና ስትወርድ ትኖራለች፤ የጮቄ ተራራ ብርድ እየገረፋት ሞተሯ አንድም ቀን በወጉ ሳይሞቅ ይከርማል። ያልሞቀ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፣ ዘይቱ ውሃ ይቀላቀልበታል፣ ፒስተኑን የሚያቅፉት ቀለበቶች፣ እኛ ፋሻ የምንላቸው፣ ያለ ዕድሜያቸው ይበላሉ። ሹፌሩ ሞተሩ እንደበረደው ሲያውቅ ምን ያደርጋል? ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ይለጥፋል። በር ነቅሎ ግድግዳ ያቆማል ማለት ነው! ሞተሩ ሲሞት ደግሞ “የፋብሪካው ችግር ነው” ይላል። እኔ በዚህ ነገር ስናደድ ሚስቴ “ደም ግፊትህ” ትለኛለች። ይጨምር፣ ምን ቸገረኝ።

ሙያውን የተማርኩት ደብረ ማርቆስ በነበረ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ነው። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ስለሱ ማውራት አልፈልግም። ማውራት የምፈልገው ስለ አለቃዬ ስለ ጋሽ ውበቱ ነው።

ጋሽ ውበቱ አጭር፣ ቁጡ፣ እጃቸው ሰፊ የሆነ ሰው ነበሩ። መኪና ሲመጣላቸው ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ሹፌሩን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ “ውሃ ከየት ነው የምትቀዳ?” ሹፌሩ “ኧረ ጋሼ፣ ፍሬኑ ነው ያስቸገረኝ” ቢልም ግድ የላቸውም፤ ውሃው ካልተነገራቸው ፍሬኑን አያዩም። ከዚያ የዘይቱን መለኪያ ያወጡና ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሽተው ያሸቱታል። ከዚያ የላይኛውን የውሃ ጎማ በአንድ መዳፋቸው፣ የታችኛውን በሌላው ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። የማያውቃቸው ሰው ካየ የሚጸልዩ ይመስለው ነበር። “የላዩ ሞቆ የታቹ እስኪከተለው ስንት ይዘገያል? እሱን ያወቀ ሞተሩን አወቀ” ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ እጄ ያንን ነው የሚያውቀው።

በዚያ ዘመን የጭነት መኪኖቻችን ያረጁ ነበሩ። ራዲያተራቸው በብየዳ ብዛት ደድሯል፣ መለዋወጫ የለም፣ ጭነቱ ከልክ በላይ ነው። አባይን ሲወጡ ይፈላሉ። ስለዚህ ጋሽ ውበቱ ራሳቸው አንድ ዘዴ አወጡ። መኪናው በረሃውን ከመውረዱ በፊት ደጀን ላይ ቴርሞስታቱ ይወጣል፤ ሹፌሩ በጨርቅ ጠቅልሎ ይይዘዋል። ሲመለስ ደብረ ማርቆስ ላይ ለጋሽ ውበቱ ያስረክባል፣ እሳቸው ፈትነው መልሰው ይገጥሙታል። “ለአባይ ሲባል ይወጣል፣ ለደብረ ማርቆስ ሲባል ይመለሳል” ይሉ ነበር። ሹፌሩ አስረክቦ ሳያስገጥም ቸኩሎ ካለፈ ቴርሞስታቱ ግድግዳው ላይ በተወጠረች ሽቦ ይንጠለጠልና ባለቤቱን ይጠብቃል።

ደጀን ላይ የማውጣቱን ሥራ እንዲሠራ የተመደበው ሙላት ነበር። ሙላት ከእኔ ጋር የተቀጠረ፣ እጀ ፈጣን፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ሹፌሮች ይወዱታል። እሱ በረሃው አፋፍ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ያወጣል፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ከጋሽ ውበቱ ጋር ቀኑን ሙሉ እመልሳለሁ። አፈታተናቸውን ያየሁት እኔ ነኝ። የብረት ድስት ውስጥ ውሃ ይጥዱና ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለው ያወርዱታል፤ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ በጣም ይጠነቀቃሉ። ውሃው ሳይንተከተክ፣ ገና ከድስቱ ጥግ ማጉረምረም ሲጀምር፣ በሯ ቀስ ብላ ትከፈታለች። ያወጡትና እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ይደግሙታል። አንዴ የከፈተ ሁሉ ሁለተኛ ይከፍታል ብለው አያምኑም።

ጋሽ ውበቱ ከዚህ ዓለም ተለዩ፣ ጋራዡም ተበተነ። ሙላት ከደጀን መጥቶ ደብረ ማርቆስ ላይ ትልቅ ጋራዥ ከፈተ፤ እኔም ወደ ይጁቤ መውጫው ላይ ትንሽ ቤት ተከራየሁ። ሙላት ብዙ ልጆች አስተማረ። እነሱም ሌሎችን አስተማሩ። ሁሉም “ጋሽ ውበቱ ያወረሱን ዘዴ ነው” እያሉ በር መንቀሉን ቀጠሉ። ግማሹን ብቻ እንደወረሱ የሚነግራቸው ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔን ደግሞ የሚሰማ አልነበረም። ያችን ሽቦ ግን ጋራዡ ሲበተን ከነቴርሞስታቶቿ ይዣት መጥቻለሁ።

አሁን ስለ ቁይ ነጋዴ መኪና ልናገር፤ እኔ ባልናገር ሙላት ይናገርልኛል። አንድ የቁይ ከተማ እህል ነጋዴ የጭነት መኪናውን አመጣልኝ፤ ነዳጅ አልጠግብ ብላ ነበር። በሩን መለስኩላት። በሯን በድስት ፈትኛት ሁለት ጊዜ ከፍታለች፤ ጤነኛ ነበረች። ነጋዴው ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ለመግባት ቸኩሏል፣ ቁልፉን እጁ ላይ እያሽከረከረ ይጠብቀኛል። ውሃ ከየት እንደሚቀዳ አልጠየቅሁትም። መኪናዋ ድልድዩን ተሻግራ ዳገቱን ስትጋፈጥ ፈላች። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታ የምንለው፣ ተሰነጠቀ።

ወሬውን ሰምቼ ስደርስ ሙላት ቀድሞኛል። ሹፌሮች መንገድ ዳር ቆመው ከበውታል። ቴርሞስታቷን አውጥቶ በሁለት ጣቱ ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ይዟታል። “ነፍሰ ገዳይዋ ይቻትና!” አለና ገደሉ ውስጥ ወረወራት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ነጋዴው ጤፉ ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ያያል። እሱን ሳይ የተሰማኝን ኀዘን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እኔ ግን ሰው ከተበተነ በኋላ ራዲያተሩን አውርጄ ፈታሁት። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ተደፍነዋል። የነጋዴው ሹፌር ለካ ለዓመታት ውሃ የሚቀዳው ከመንገድ ዳር ቦይ ነበር። ራዲያተሩ ድሮ የሞተ ነው፤ በሩ ተነቅሎ ውሃው ዝም ብሎ ሲሮጥ ነው ሞቱን የደበቀው። ያን ጭቃ ለሙላት ወስጄ አሳየሁት። “ታዲያ ያለ በሩ ይሄድ ነበር አይደል?” አለኝ። ጭቃዬን ይዤ ወጣሁ እንጂ አልተሸነፍኩም። ቴስታታውን በነጻ ሠራሁለት፤ ነጋዴው ግን ወደ ሙላት ሄደ፤ ብዙ ደንበኞቼም ተከተሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም መኪና ውሃውን ሳልጠይቅ፣ ራዲያተሩን ሳላይ አልነካሁም። በር መመለሴን ግን አላቆምኩም። የፈለገው ይምጣ፣ ያልፈለገው ይሂድ አልኩ። ብዙው ሄደ።

በመጨረሻ ጉልበቴ መኪና ሥር መተኛቱን ፈቅዶ መነሣቱን እምቢ ሲለኝ ጋራዤን ለአንድ በያጅ አከራየሁና ጡረታ ወጣሁ። እንግዲህ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

ባለፈው ጥር ጥሩወርቅ ቤቴ መጣች። ጥሩወርቅ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በአንዲት ሚኒባስ የምታሳድግ ሴት ናት። ሚኒባሷ ከደብረ ማርቆስ ሮብ ገበያ ትሠራለች፤ ሹፌሩ የታላቅ ልጇ ባል ደሳለኝ ነው።

“ጋሽ ታከለ፣ እንዴት ሰነበቱ? መኪናዋን ልሸጣት ነው” አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። “ቅዳሜ ሰውየው ይመጣል። ሊያርዳት ነው የሚገዛት።”

እኛ መኪና ማረድ የምንለው ፈታትቶ በየዕቃው መሸጥን ነው። “ምን ሆና ነው የምትታረደው?” አልኳት።

“ዘይት ትጠጣለች። ነዳጅማ፣ ደሳለኝ ግማሽ ቀን ተሰልፎ የሚቀዳውን በሁለት ምልልስ ትጨርሰዋለች። ቡድኑ ላይ ሲጠይቅ ሞተሯ መጥፎ ዘር ነው፣ አትድንም አሉት። እኔ ግን ሟቹ ባለቤቴ ‘ታከለ ሳያያት እንዳትሸጫት’ ይል ነበርና ቃሉን ልፈጽም ብዬ ነው።”

ደሳለኝ በር ላይ ቆሟል። ፊቱ “ለወጉ ነው የመጣን” ይላል። መኪናዋ ውስጥ ከሮብ ገበያ የመጡ አንድ መሪጌታ በጋቢ ተጀቡነው ተቀምጠዋል፤ ቤተ ክህነት ሊያደርሷቸው ነው። ወጥቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ራዲያተሩ ፊት ካርቶን አለ። የዘይቱን ክዳን ፈታሁ፤ ከሥሩ ወተት የፈሰሰበት ቡና የመሰለ ነገር ተለጥፏል። የላይኛውን ጎማ ያዝኩ። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ለብ ብሏል እንጂ አልሞቀም።

“ሂተሯ ይሠራል?” አልኩት ደሳለኝን።

ከውስጥ መሪጌታው መለሱ። “ሂተር ትላለህ? እግሬ ከሮብ ገበያ ጀምሮ የኔ መሆኑን ረስቸዋለሁ! የምትተነፍሰው ትንፋሽ ወይ አይሞቅ ወይ አይቀዘቅዝ። ለብ ያለ ነገር ደግሞ እግዜርም አይወደው።”

“ተገርዛለቻ!” አልኩ።

“በስምንተኛ ቀኗ” አለ ደሳለኝ፤ ወዲያው አንገቱን ደፋ።

ለጥሩወርቅ አልዋሸኋትም። “በሩን ብቻ ብመልስላት አትድንም። ፋሻዋ ተበልቷል፤ ሞተሩ ወርዶ ፋሻው መለወጥ አለበት። ከዚያ ራዲያተሩ ይፈታል። ከዚያ በሩ ይመለሳል። ሦስቱም ካልተደረጉ ለሰውየው ስጪው” አልኳት።

“ከተደረጉስ? ትድናለች?”

“ትድናለች።”

“የቁዩን ነጋዴ መኪናም ትድናለች ብለው ነበር አሉ።”

ይህ ቃል ልቤን ወጋኝ። ግን ሴትዮዋ እንጀራዋ ነው፤ መጠየቅ መብቷ ነው። “ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ውሃውን አልጠየቅሁም። አሁን እጠይቃለሁ። ደሳለኝ፣ ውሃ ከየት ነው የምትቀዳ?” አልኩ።

“ከቧንቧም፣ ከወንዝም… ካገኘሁት” አለ።

“እንግዲያው መጀመሪያ የሚፈታው ራዲያተሩ ነው” አልኩ። ጥሩወርቅ ለሰውየው ደውላ ቅዳሜ ቀርቶ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አደረገችው። ያ ሳምንት የእኔም የእሷም ነበር።

በያጁ የራሴን ቤት መልሶ ለሳምንት አዋሰኝ። እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አዛለሁ፣ ደሳለኝ ይሠራል። መጀመሪያ ፊቱን አኮማትሮ ነበር። አሮጌዎቹን ፋሻዎች አውጥተን ከአዲሶቹ ጎን ስናስቀምጣቸው ግን አንስቶ እያገላበጠ አያቸው። “ይሄ ሁሉ በብርድ ነው?” አለኝ። “በብርድና በምክር” አልኩት። ከራዲያተሩ የወጣውን ዝቃጭ በጣሳ አስቀመጥነው። በመጨረሻ በሩን ከገበያ ገዛን፤ ድስት ጥደን በክር አንጠልጥለን ሁለት ጊዜ ፈተንናት። ደሳለኝ ይህን በስልኩ ቀርጾ ቡድኑ ላይ ለቀቀው።

ለቀቀውና ጉድ ፈላ። ግማሹ “ጋሽ ታከለ ሾርባ ጣዱ” አለ። ሌላው የገደሉን ታሪክ አነሣ። ከዚያ የሙላት ድምፅ መጣ፤ አርጅቷል፣ ጨዋታው ግን ያው ነው። “ወንድሞቼ፣ ታከለን ተዉት፣ ዕድሜ ይስጠው። ድስት ላይማ ሁሉም ይከፍታል። አባይን ያውጣትና እኔ ጋራዤን ዘግቼ ድንች እተክላለሁ!”

ደሳለኝ ስልኩን ዘጋና አየኝ። “ጋሼ፣ እውነቱን ነው። አባይን ካልወጣች ሰው አያምንም። እኔም አላምን።”

ልተወው እችል ነበር። መኪናዋ የሮብ ገበያ መኪና ናት፤ በረሃው ምኗም አይደለም። ሮብ ገበያ ሄደን ስንመለስ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ መሃል ላይ ቆማ ነበር፣ ሂተሯም እንደ ምድጃ ይነፍስ ነበር። ይህ ይበቃል። ግን በዚያ ቡድን ውስጥ የዚያ ገደል ታሪክ እስካለ ድረስ ማንም በሩን አይመልስም፤ ይቺም መኪና ነገ በሌላ ሰው ምክር እንደገና ትነቀላለች። ጥሩወርቅን ጠየቅኋት፦ “ከፈላች ቴስታታው ይሄዳል፤ ሰውየውም ያኔ ግማሽ ዋጋ አይሰጥሽም። ያንቺ ናት፤ አንቺ ወስኚ።”

“እኔም አብሬ እሄዳለሁ” አለች። “ከሆነም ዓይኔ እያየ ይሁን።”

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሦስታችን ከደጀን በረሃውን ወረድን። ደሳለኝ እንደ ልማዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ ሊወርድ ሲል እጁን መታሁት። በማርሽ ወረድን። ድልድዩ አጠገብ ሙቀቱ እንደ ወፍጮ ቤት ያፍናል። አዙረን ወደ ደጀን ዳገቱን ጀመርን።

መርፌዋ መሃል ላይ ነበረች። መጀመሪያው ጥምዝ ላይ አልተነቃነቀችም። ሁለተኛውን አልፈን ፊታችን የሚያዘግም የሲሚንቶ መኪና መንገዱን ያዘብን፤ ከኋላው በአንደኛ ማርሽ መጎተት ጀመርን። ነፋስ የለም። መርፌዋ ከመሃል ተነሣች። ደሳለኝ አየኝ። እኔም አየኋት። ከመሃል አልፋ ወደ ቀዩ አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ሄደች።

“ልቁም ጋሼ! ልቁምና በሯን ላውጣት!” አለ ደሳለኝ።

“አትቁም። ሂተሩን ክፈት” አልኩት።

“በዚህ ሙቀት?”

“ክፈት አልኩህ! ሂተርም ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ከሞተሩ ሙቀት ይቀበላል።”

ከፈተው። የፈላ አየር ፊታችን ላይ ነፈሰ። ጥሩወርቅ በነጠላዋ ላቧን እየጠረገች “ሮብ ገበያ ላይ የነፈጉንን እዚህ ሰጡን” አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። “ጋሽ ታከለ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይፈራሉ?”

“ልቤ ይፈራል” አልኳት። “እጄ ግን ራዲያተሩን አይቶታል፣ በሯን አይቷታል። እጄ አይፈራም።”

ያን ጊዜ ያ የቁይ መኪና የቆመበት፣ ሰው ያጨበጨበበት ዳገት ከወንዙ ማዶ ፊት ለፊታችን ይታይ ነበር። ላለማየት ፊቴን አዞርኩ። መርፌዋ ቆማለች፤ ቀዩን አልነካችም፣ ወደ ኋላም አልተመለሰች። ደሳለኝ ፍሬኑ ላይ እግሩን አሳረፈ።

“ንዳ” አለች ጥሩወርቅ።

“እማማ…”

“ንዳ አልኩህ! መኪናዋ የኔ ናት!”

ነዳ። ጥምዙ ላይ የሲሚንቶ መኪናው ጥግ ይዞ አሳለፈን፤ ነፋስ አገኘን። መርፌዋ መጀመሪያ እንደመጠራጠር አለች፤ ከዚያ እየቀነሰች እየቀነሰች አፋፉ ላይ ስንወጣ መሃሏ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ደጀን ገብተን ቆምን። ደሳለኝ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ሁለቱን የውሃ ጎማዎች በሁለት መዳፉ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ይህን እኔ አላስተማርኩትም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያየኝ ነው የቆየው። እንባ መጣብኝ፤ አልደበቅሁትም።

ቅዳሜ ሰውየው መጣ። ጥሩወርቅ በር ላይ ቆማ “አትታረድም” አለችው፣ በቃ። ዛሬም ሮብ ገበያ ትሄዳለች። ደሳለኝ ለነዳጅ የሚሰለፈው ድሮ ይሰለፍ የነበረውን ግማሽ ነው፤ መሪጌታውም እግራቸውን አግኝተዋል። ቡድኑማ ምን አለ? “ዕድል ነው” አለ። “አየሩ ቀዝቃዛ ነበር” አለ። አንዱ ደግሞ “ሰው አልጫኑም ነበር” ብሎ ጻፈ። ይበሉ። እኔ በየጠዋቱ ያንኑ እጽፋለሁ፦ “ቴርሞስታቱ አለ ወይ?” ሳቁ አሁንም ይመጣል፣ ግን እንደ ድሮው አይዘንብም፤ ያካፋል።

ባለፈው ሳምንት፣ ጠዋት ፀሐይ እየሞቅሁ፣ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ሙላት ነው። ከገደሉ ቀን ወዲህ ቤቴ መጥቶ አያውቅም። በከዘራ ነው የሚሄደው። ግድግዳዬ ላይ የተወጠረችውን የጋሽ ውበቱን ሽቦ ቀረብ ብሎ አያት። ያልተመለሱት ቴርሞስታቶች አሁንም ተንጠልጥለውባታል፤ ደጀን ላይ ያወጣቸው እሱ ነው።

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ስድብ ብዙ ነበር። የድንቹን ነገር አስቀድሜ ልጠይቀው ነበር። እሱ ግን እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ቴርሞስታት ነው፣ አዲስ።

“ለመኪና አይደለም” አለኝ ቶሎ ብሎ። “እንዳትጃጃል።”

“ታዲያ ለምንድነው?”

በከዘራው መሬቱን ጫረ። “እኔ ይሄን ነገር ስንቱን አወጣሁ፣ አንተ ታውቃለህ። እዚያ አፋፍ ላይ ጋሽ ውበቱ ድስት አልሰጡኝም። ያንን የልጁን ቪዲዮ ሳይ…” አለና አቆመ። “ሲከፈት አይቼ አላውቅም፣ ታከለ። አንድም ቀን።”

ስድቡ ሁሉ ጠፋብኝ። ገብቼ ድስቱን አመጣሁ፣ ምድጃውን ለኮስኩ። ክሩን እሱ ራሱ አሰረው፤ እጁ አሁንም ፈጣን ነው። “ቂጡን እንዳትነካ” አልኩት። “አውቃለሁ” አለ፤ አያውቅም ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ድስት ላይ ጎንበስ ብለን ቆየን። ውሃው ከጥጉ ማጉረምረም ሲጀምር በሯ ቀስ ብላ መንቀሳቀስ ጀመረች፣ ከዚያ ተከፈተች።

ሙላት ክሩን ስቦ አወጣት፣ መዳፉ ላይ አስቀመጣትና እስክትዘጋ ድረስ ፈዝዞ አያት።

“ድገማት” አለኝ።

ውሃውን ደግሜ ጣድኩት።